«ሲፈልግ ይችላል» ያልኩበት ስብሰባ

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቆሰበር ውስጥ፣ ወረቀት ላይ እንጅባራ በምትባለው ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የእንስሳት ጤና ቡድን መሪ ነበርኩ። ሰው አልሞተም፣ የታሰረም የለም፣ ከመሥሪያ ቤታችን ውጭ የሰማውም የለም። እኔ ግን በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ በተናገርኩት ነገር ምክንያት ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሰላም የለኝም። የሚያሳዝነው ደግሞ ያን ቀን ንግግሬ ተጨብጭቦለት ነበር።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ሪፖርት ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሜ ነው የማስገባው። ፋይሎቼ በዓመትና በወር ተደርድረው ነው የሚቀመጡት። ባለቤቴ «የሠርጋችንን ቀን ራሱ በመዝገብ ቁጥር ነው የሚያስታውሰው» እያለች በእንግዳ ፊት ታሾፍብኛለች። ዝርክርክ ሰው ሳይ ሰውነቴን ያሳክከኛል፤ ይህን እንደ ጥሩ ጠባይ ነበር የምቆጥረው።

በቡድኔ ውስጥ አንድ ባለሙያ ነበር። ስሙን ቀይሬ ስንሻው ልበለው። ዕድሜው ሠላሳ ግድም፣ ቀጭንና ረጅም፣ ተቀምጦ እንኳ እግሩ ከጠረጴዛ ሥር ዕረፍት የማያውቅ ሰው ነበር። ለክትባት ሞተር ሳይክል አስነሥቶ አዘና ድረስ ይሄድና ክትባቱ ያለበት የበረዶ ሳጥን ቢሮ ቀርቶ ይገኛል። እንዳይረሳ ብሎ ስልኩ ላይ ደወል ይሞላል፤ ደወሉ ሲጮህ ስልኩ የት እንዳለ ለማግኘት ቢሮው በሙሉ ይታመሳል። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አፉ ላይ ይነጥቅና ወዲያው «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ቀጥል» ይላል።

የወር ሪፖርታችን አንድ ገጽ ተኩል ብትሆን ነው። ስንሻው አምስት ቦታ ይጀምራታል። አንዷን በደብዳቤ ጀርባ፣ አንዷን በመድኃኒት ካርቶን ላይ፣ ሌላዋን በማስታወሻ ደብተሩ መሃል። አንዷም አታልቅም። የእሱ ሪፖርት ሲጎድል የእኔ ይጎድላል፤ የእኔ ሲጎድል አለቃዬ እኔን ነው የሚጠራው። በዚህ ምክንያት በየወሩ መጨረሻ እንጣላ ነበር።

በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጥቶት ነበር። አንዱ «ሚስት ቢያገባ ይሰበሰባል» ይላል። ሌላው «በድብቅ ይቅማል» ይላል። ገንዘብ ያዧ ደግሞ ሰው አስደግሞበት ነው ብላ ጠበል እንዲወስዱት ዘመዶቹን እስከ መምከር ደርሳለች። እኔ በእነዚህ ሁሉ እስቅ ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ አምናለሁና እንዲህ ያለ ወሬ አይመቸኝም። የእኔ ግምት ከሁሉም የከፋ እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በዚያው ዓመት ጥር አጋማሽ ላይ የአባቴ ፈረስ ታመመ። አባቴ ጥርባ አካባቢ፣ ከአንድ ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ነው የሚኖሩት። ዳማ ፈረሳቸውን ለፈረሰኞች በዓል ለሁለት ወር ያህል ሲቀልቡትና ሲያሠለጥኑት ከርመው፣ በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሆዱ ተነፋ። መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ይነሣል፣ ወደ ጎኑ ዞሮ ያያል፣ መልሶ ይወድቃል። የፈረስ ቁርጠት አደገኛ ነው። ስልክ ሲደወልልኝ ቢሮ የነበረው ስንሻው ብቻ ስለነበር ይዤው ሄድኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደረስን። ስንሻው ጃኬቱን አውልቆ አጥር ላይ ጣለና ጆሮውን ከፈረሱ ሆድ ላይ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰው እኔ የማውቀው ስንሻው አልነበረም። እጁ አይቸኩልም፣ እግሩ አይቁነጠነጥም። በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ዘይት ሰጠው፣ መርፌ ወጋው፣ እየጎተተ አራመደው፣ መልሶ አዳመጠ። ምሳ ቀረበለት፤ የሰማም አልመሰለኝም። ዝናብ ሲያካፋ ጃኬቱን አንሥቼ ትከሻው ላይ ጣል ሳደርግለት ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ፈረሱ ፋንድያ ጣለ። አባቴ የስንሻውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው በአዊኛ መረቁት። ልጃቸውን እኔን እንደዚያ መርቀውኝ አያውቁም። ፈረሱ በሳምንቱ በዓሉ ላይ አጊጦ ሲጋልብ አየሁት። ከስንሻው ጋር በሞተር ስንመለስ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ይህ ሰው ሰባት ሰዓት ሙሉ ሐሳቡን መሰብሰብ ከቻለ፣ አንድ ገጽ ተኩል የሚያቅተው ለምንድን ነው እያልኩ ውስጤ ይበግን ነበር።

የካቲት ላይ የግማሽ ዓመት ግምገማ መጣ። በዚያ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢው ስም ይጠራል፤ የተጠራው ስለ ራሱ ግለ ሂስ ያቀርባል፤ ባልደረቦቹም ድክመቱን ይዘረዝሩለታል። እኔ ቡድን መሪ ብቻ ሳልሆን የአንድ ለአምስቱም መሪ ስለነበርኩ፣ ስለ ስንሻው አለመናገር አልችልም። ቀደም ብዬ በጽሑፍ ተዘጋጅቼ ነበር።

ሌሎች ስለ ረሳው ሳጥን፣ ስለ ዘገየው ሪፖርት ተናገሩ። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ተነሥቼ ያልኩትን አንድም ቃል አልረሳሁትም።

«እኔ ስንሻው አይችልም አልልም» አልኩ። «የአባቴ ፈረስ ሲታመም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ምሳ ሳይበላ ሠርቷል። ምስክሩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ይችላል። ሲፈልግ ይችላል። ሪፖርቱን የማይሠራው ስላልፈለገ ነው። ስለዚህ ችግሩ የችሎታ ሳይሆን የአመለካከት ነው።»

አዳራሹ ሞቅ አለ። ሰብሳቢው ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ። እስከዚያ ድረስ ሌሎች የተናገሩት ሁሉ ሊስተባበል የሚችል ነበር፤ የእኔ ግን ማስረጃ ነበረው። ማስረጃው ደግሞ ለአባቴ የዋለላቸው ውለታ ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

ስንሻው ምላሽ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ስናገር ሁሉ በደብተሩ ላይ ሲጽፍ ነበር። ተቆጥቶ ይከራከረኛል ብዬ ጠብቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ፈረሱ ላይ እንዴት ቻልኩ፣ ወረቀቱ ላይ እንዴት አቃተኝ? መልሱ ጠፍቶኝ ነበር። የምፈልግ ነበር የሚመስለኝ። ለካ አልፈልግም ኖሯል።»

ሰብሳቢው «ይህ ነው ግለ ሂስ ማለት» አለና ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ስንሻው ዝቅተኛ ውጤት ተሰጥቶት የሦስት ወር የማሻሻያ ጊዜ ተቆረጠለት። በሦስት ወር ውስጥ ሪፖርቱን በቀኑ ካላስገባ ከሥራ ይሰናበታል ተባለ። እናቱን የሚጦረው እሱ እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንሻው ተለወጠ። መሣቅ ቀነሰ። በሰው ንግግር መሃል መግባቱን አቆመ፤ ቆይቶ ደግሞ ከነጭራሹ መናገር ተወ። የማስታወሻ ደብተሩን ከእጁ አይለይም። አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ሳየው «ገባው» እል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ቢጤም ይሰማኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ በገበያ ቀን አብረን አዘና ሄድን። ሥራውን እንድከታተል ታዝዤ ነው። አንድ ሽማግሌ በቅሎ እየጎተቱ መጡ። የበቅሎዋ ሆድ ተነፍቷል፤ ዓይኗ ፈዟል። ስንሻው ጆሮውን ከሆዷ ላይ ለጠፈ። ፊቱ ሲረጋጋ አየሁት። ያ የአባቴ ፈረስ ጊዜ ያየሁት ሰው ተመልሶ ሊመጣ ነበር።

ከዚያ ዓይኑን ገለጠና እኔን አየኝ። ጆሮውን ከበቅሎዋ ላይ ያነሣው በድንጋጤ ነው፤ የሰው ንብረት ሲነካ የተያዘ ይመስል ነበር። ሰዓቱን አየ። ቶሎ ብሎ መርፌ ወጋት፣ ሽማግሌውን «እያራመዱ ይቆዩ አባቴ፣ ካልተሻላት ነገ ያምጧት» አላቸው፤ ዕቃውንም ሰበሰበ። ከመጣን ግማሽ ሰዓት አልሞላንም። የሪፖርት ማስገቢያው ቀን በማግስቱ ነበር።

ስንመለስ ከኋላው ተቀምጬ «አየህ፣ ሰዓት መጠቀም ማለት ይህ ነው» አልኩት። በማግስቱ ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከነሙሉ ቁጥሩ፣ በቀኑ። ይዤ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ አሳየሁ።

ሰኞ ዕለት ሽማግሌው ልጓሟን በእጃቸው ይዘው ቢሮ መጡ። ሊከሱ አልነበረም የመጡት። «ልጄ፣ እንድታውቀው ብዬ ነው። በቅሎዋ ሞተች። ያን ዕለት ጥቂት ብትቆይላት ምናልባት…» አሉና ተዉት። ስንሻው ልጓሙን እያየ ቆመ። ቢቆይላትም ትሞት ነበር ይሆናል፤ በሙያችን ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም። እኔ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዲህ ብዬ ነግሬዋለሁ።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ስንሻው ኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ያን ዕለት የቱን ነበር መፈለግ የነበረብኝ?»

ድምፁ ውስጥ ነገር አልነበረም። በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ፤ እንደማላሳስተው አምኖኛል።

«ሁለቱንም» ብዬው ቢሮዬ ገባሁ።

በሳምንቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባ። አንድ ገጽ ነው። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የለውም። የማሻሻያ ጊዜውን ሊጨርስ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ማንም ቆይ ያለው የለም። እኔ ደብዳቤውን በፋይሉ ውስጥ በቦታው አስቀመጥኩት።

አራት ዓመት አለፈ። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ለሦስት ቀን ሥልጠና ተላክን። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ስለ ሠራተኞች አያያዝ ልታስተምረን መጣች። ብዙዎቻችን ይህ እኛን አይመለከትም ብለን ስልካችንን እየነካካን ነበር። ሴትዮዋ ኤዲኤችዲ ስለሚባል ነገር መናገር ጀመረች። ሰዎች የልጆች ብቻ አድርገው ያዩታል፣ ልጆቹ ግን ያድጋሉ፣ ችግሩም ከብዙዎቹ ጋር አብሮ ያድጋል አለች። አእምሮ ትኩረቱን የሚመራበት መንገድ ከሌላው ሰው ይለያል እንጂ ስንፍና አይደለም፣ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም አለች።

ከዚያ ምሳሌ ሰጠች። ዕቃ የሚረሳ፣ ሥራ ጀምሮ መጨረስ የሚያቅተው፣ በሰው ንግግር ጣልቃ የሚገባ ሰው። ስልኬን አስቀመጥኩ። «እኒህ ሰዎች ልባቸውን የሚይዝ ነገር ሲያገኙ ግን ምግብና ውሃ ረስተው ሊቆዩ ይችላሉ» ብላ ቀጠለች። «ያን ጊዜ ሰው ያያቸውና ‹ሲፈልግ ይችላል› ይላል። እነሱ ግን መርጠው አይደለም። ትኩረታቸው ባዘዙት ጊዜ አይታዘዛቸውም። በሥራዬ ያገኘኋቸው ብዙዎቹ ከስድብ ሁሉ የከፋው ይህ ቃል ነው ይሉኛል፤ ምክንያቱም ያምኑታል።»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ የሚያይ መሰለኝ። ማንም አላየኝም። አብረውኝ የመጡት ባልደረቦቼ እንኳ ስንሻውን ረስተውታል። እጄን አውጥቼ «ታዲያ እንዲህ ላለ ሰው ምን ይደረግለታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሐኪም ዘንድ ቢሄድ የሚረዳው ሕክምና አለ አለች። በሥራ ቦታ ደግሞ ረጅሙን ሥራ ቆራርሶ መስጠት፣ ትእዛዙን በቃል ብቻ ሳይሆን በአጭር ጽሑፍ ማድረግ፣ ሲጽፍ አጠገቡ ሰው መቀመጥ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ራሱን ምን እንደሚረዳው መጠየቅ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አራት መስመር አልሞላም።

ስንሻው ዳንግላ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆኗል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ከሥልጠናው ስመለስ ከሚኒባሱ እዚያ ወረድኩ። ፍለጋ ሳያስፈልገኝ አገኘሁት። በአንድ ጊዜ ከሦስት ሾፌር ጋር እየተነጋገረ፣ ተሳፋሪ እየጠራ፣ የአንዲት እናት ዘንቢል ጣራ ላይ እያስጫነ ነበር። ጠጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ አቅፎ ስሞኝ «አባትህ ደኅና ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥግ ላይ ካለ አግዳሚ ተቀምጠን የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠኝም።

«ስም አለው ማለት ነው?» አለ ስጨርስ።

«አለው።»

«እናቴ ሳትሰማው ሞተች» አለ። «‹ልጄ ምን ጎድሎህ ነው ሥራህን የጣልከው?› እያለችኝ ነው የሞተችው። አልፈለግሁም ብዬ መለስኩላት። ሌላ የምላት አልነበረኝም።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። እንዴት አድርጌ እንደጠየቅሁት አሁን አላስታውስም። እሱ መሬት መሬት እያየ ሌላ ጥያቄ አነሣ።

«ያኔ ብታውቅ ኖሮ ምን ታደርግልኝ ነበር?»

አሰብኩበት። ልዋሸው አልፈለግሁም። «አርብ አርብ ግማሽ ሰዓት አጠገብህ እቀመጥ ነበር» አልኩት። «የሠራኸውን ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ብዙም የለ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይችን ታህል ነበረች?» አለ።

ያን ጊዜ አንድ ሾፌር ስሙን ጠርቶ ጮኸበት። ተነሥቶ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይልቅ መኪናው ሊሞላ ነው» አለኝና የፊቱን ወንበር አስለቅቆ አሳፈረኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር ሆስፒታል አብሬው ሄጃለሁ። በዋዜማው እደውላለሁ፣ ጠዋት እደውላለሁ፣ ስልኩን ካላነሣ ዳንግላ ወርጄ አመጣዋለሁ። ሐኪሙ ያ ችግር እንዳለበት ነግሮት ሕክምና ጀምሯል፤ ደኅና ነኝ ይላል። ወደ ሙያው እንዲመለስ ብዙ ለመንኩት። «ፈረስ አጠገብ ስቆም አሁንም ሰው የሚያየኝ ይመስለኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንሥቼበት አላውቅም።

እኔ አሁንም ቡድን መሪ ነኝ። ሪፖርት የምታዘገይ አንዲት ልጅ በቡድኔ አለች። ምን እንደሆነች አላውቅም፤ ለመገመትም አልደፍርም። አርብ ከሰዓት ወንበሬን አጠገቧ ስቤ እቀመጣለሁ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሃያ ደቂቃ ከፈጀ ብዙ ነው። አመስግናኝ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣለች። እኔ ያቺን አንድ ገጽ ተኩል ይዤ እቀራለሁ፤ ለመነሣት ጊዜ ይፈጅብኛል።